ወንድ የማያዝለው እንስራ

ስንቄ ጠፍር ቆርጣ አታውቅም። በእናቷ ቤት ጠፍር አይቆረጥም ነበር፤ ቋጠሮው የቱንም ያህል ቢጠብቅ በጥፍርም በጥርስም ተብሎ ይፈታል፣ በክርን ላይ ይጠቀለላል፣ ምሰሶው ላይ ይሰቀላል። ቆዳ ተፍቆ፣ ለስልሶ፣ ስንት ተደክሞበት የተገኘን ነገር በቢላ ማበላሸት የባለጌ ሥራ ነው ተብላ ነው ያደገች። ይህ ልማዷ አንድ ቀን ባሏን ሊያስገድልባት እንደሚችል ግን ማንም አልነገራትም።

ቤቷ ከሞጣ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ፣ ጨፌ ሚካኤል በሚባል አጥቢያ ነበር። ባሏ ጓዴ ነገር የማያበዛ፣ ሲስቅ እንኳ አፉን በእጁ የሚሸፍን ገበሬ ነው። የጓዴ አባት በየበጋው ጌሾ ጭነው ቢቸና ገበያ ይሄዱ ነበርና፣ ማደሪያቸው ጠላ የምትሸጠው የካሰች ቤት ነበር። ጓዴም አባቱን እየተከተለ ሲመላለስ ከካሰች ልጅ ከአለበል ጋር አንድ ቁርበት ላይ እየተኙ አደጉ። አለበል እንደ ጓዴ አልነበረም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢም ያላወጣ፣ ምላሱ የማያርፍ ልጅ ነው። ጓዴ ሊያገባ ሲል ሚዜው ማን እንደሚሆን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በሠርጉ ማግሥት አለበል የስንቄን ትንሽ ጣት በትንሽ ጣቱ ቆልፎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድምሽ ነኝ። ይህ ዝምተኛ ቢያስቀይምሽ ጥሪኝ፤ ከቢቸና በእግሬ እመጣለሁ» አላት። ሙሽራዋ ነጠላዋ ውስጥ ሆና ሳቀች። ስንቄ ወንድም አልነበራትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ነበራት።

ከሠርጉ ጥቂት ወራት በኋላ አለበል ደብረ ማርቆስ ሄዶ ፖሊስ ተቀጠረ። «የእናቴን ጠላ ስቀዳ ከማረጅ ይሻላል» ብሎ ነበር ሲሰናበታቸው። ጓዴ ያን ጊዜ ደስ አላለውም፤ ምክንያቱን ግን ራሱም አላወቀውም።

በስድሳ ዓመተ ምሕረት መሬት ገማቾች መጡ። የእርሻ ገቢ ግብር የሚሉት አዲስ ነገር ታውጆ ነበርና መሬቱ ይታያል፣ ምርቱ ይገመታል ተባለ። የጨፌ ሚካኤል ሰው ግን ዛሬ የተገመተ ርስት ነገ ይወሰዳል ብሎ አመነ። ገማቾቹ በድንጋይ ተባረሩ፤ ከፖሊስ ጋር ተመለሱ። በጥይት ተባረሩ፤ ከጦር ጋር ተመለሱ። ሞጣ ከተማ በመንግሥት እጅ፣ ገጠሩ በገበሬው እጅ ሆነ። ጓዴም የአባቱን ምንሽር ከጣሪያው አውርዶ ከሰው ጋር ወጣ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ገበሬዎቹ አንድ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ከፖሊሶች ጋር ተታኮሱ። ፖሊሶቹ ሲሸሹ አንዱ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። እጁን የኋሊት ታስሮ ወደ ጨፌ ሚካኤል ሲያስገቡት ሴቶቹ ሊያዩ ወጡ። ስንቄም ወጣች። ኮፍያው ወድቆ፣ ፊቱ ጭቃ ለብሶ፣ አለበል ነበር።

አየችው፤ አያት።

የአጥቢያውን ጦር የሚመሩት ግራዝማች ገብረ ኪዳን ነበሩ። የጓዴን ሠርግም ሚዜውንም ያውቃሉ፤ ጠጁንም ጠጥተዋል። ጓዴን አስጠሩት።

«ሚዜህ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ግራዝማች።»

«እንግዲያ ዋሱ አንተ ነህ። ሌሊት ሌሊት ትጠብቀዋለህ። እሱ ከጠፋ አንተን በእሱ ቦታ እናቆማለን።»

«ምን አሰባችሁበት? ለምንስ ታቆዩታላችሁ?» አለ ጓዴ፣ ከልማዱ ውጭ ሁለት ጥያቄ ጠይቆ።

«ገላውን እንለውጥበታለን።»

ገላው የጓዴ ጎረቤት ነው። ሞጣ ገበያ ጨው ሊገዛ ሄዶ፣ ሽፍታ ነህ ተብሎ ተይዞ፣ ከተማው ውስጥ ታስሮ ነበር። ሚስቱ ፋንታነሽ የስንቄ ባልንጀራ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ የሚወርዱት አብረው ነው። ፋንታነሽ ፖሊስ ተያዘ ሲባል እልል ብላ ነበር። አፏን ስትዘጋ የስንቄን ፊት አየችና ደነገጠች።

«ይቅር በይኝ፤ ያንቺ ሚዜ መሆኑን መች አወቅሁ። ግን እኮ መልካም ነው፤ ያንቺም ወንድም ይሄዳል፣ የእኔም ባል ይመጣል» አለቻት። ስንቄም ይህን ይዛ ሰነበተች።

አለበልን ያሰሩት ጦርነቱ ሲጀመር ወደ ሞጣ የሸሸው የአጥቢያው ጭቃ ሹም ቤት ነው፤ ሰፊ ቤት ነው፣ ጓዳ አለው። አንድ እግሩን በጠፍር ከጓዳው ምሰሶ ጋር አሰሩት። ማምሻውን ጓዴ ሲገባ አለበል ጨዋታውን ጀመረ።

«ጓዴ፣ ትንሽ አላላልኝ፤ እግሬ ደነዘዘ።»

«አላላም።»

«ሠርግህ ዕለት መቀነትህን ያጠበቅሁልህ እኔ አይደለሁ? ሰው ፊት ሱሪህ ሊወርድ ነበር እኮ!»

ጓዴ አፉን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ይበልጥ አጠበቀው።

«ካመለጥህ እኔ እሞታለሁ። ገላው ከመጣ በሰላም ትሄዳለህ። ዝም ብለህ ቁጭ በል።»

«ቁጭ ማለቱን እችላለሁ። ዝም ማለቱን ተወኝ።»

ሽማግሌዎች ለመለዋወጡ ወደ ሞጣ ተላኩ። ይዘው የመጡት መልስ አጭር ነበር፤ መንግሥት ከሽፍታ ጋር ሰው አይለዋወጥም። በዚያው ሰሞን አውሮፕላን መጣ። ከወንዙ ማዶ ያለ መንደር ላይ ቦምብ ጥሎ ተመለሰ። ከሞቱት ውስጥ የግራዝማች እኅት ልጅ ነበረበት። ግራዝማች ከቀብር ሲመለሱ ፈረሳቸው ላይ እንዳሉ ተናገሩ፦ ሐምሌ ሥላሴ ይለፍ፤ በበዓሉ ማግሥት ፖሊሱ ይረሸናል።

ጓዴ ምሕረት ሊለምን ድንጋይ ተሸክሞ ደጃቸው ላይ ወደቀ።

«አውርደው፤ የእኅቴ ልጅ መቃብር አፈሩ አልደረቀም» አሉት። አላወረደም። ዝናቡ እየመታው እዚያው ዋለ። ሲመሽ እሳቸው ራሳቸው ወጥተው ድንጋዩን ከትከሻው አነሱለትና በሩን ዘጉ። ጓዴ ከዚያ ተነሥቶ የሄደው ወደ ጥበቃው ነው። እርጥብ ልብሱን ለብሶ፣ ምንሽሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከሚዜው ፊት ለፊት ተቀመጠ።

ስንቄ ያን ቀን ማታ ብቻዋን ቤቷ ውስጥ ሆና አሰበች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ጓዴ ሊነጋ ሲል እስረኛውን ቀን ቀን ለሚጠብቁት ለሽማግሌው ለአያ ወልደ ሰንበት ያስረክባል። አያ ወልደ ሰንበት ደጅ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ አንዴ ከተረከቡ በኋላ ወደ ጓዳ አይገቡም። እስረኛው ጓዴ ካስረከበ በኋላ ከጠፋ፣ ጓዴን ማን ይጠይቀዋል? ይህን ደጋግማ አሰበችና ትክክል መሰላት። ከዚያ ሁለት ቀሚስ ደርባ ለበሰች።

የሥላሴ ዋዜማ ጠዋት ጉሙ የበሬ ቀንድ አያሳይም ነበር። ድግሱ የሚሠራው በጭቃ ሹሙ ቤት ነውና ሴቶች እንስራቸውን እያዘሉ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ስንቄም ውሃዋን ገልብጣ ወደ ጓዳ ገባች። አለበል ቀና አለ።

«ሚዜዬ፣ ዝም በል። አንዴ እንኳ ዝም በል።»

ተንበርክካ ቋጠሮውን ያዘች። ጓዴ ያሰረው ቋጠሮ ነው፤ ጥፍሯ ተሰበረ። በጥርሷ ነከሰችው። ሲፈታ እጇ እንደ ልማዱ ሄደ፤ ጠፍሩን በክርኗ ላይ ጠቀለለችና ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ይህን ስታደርግ ምን እያደረገች እንደሆነ አላወቀችም። ከላይ የደረበችውን ቀሚስ አውልቃ አለበሰችው፤ ፀጉሩን በሻሽ አሰረችለት፣ የሠርግ ነጠላዋን እስከ አፍንጫው ሳበችለት። አፉ የተሸረፈውን የራሷን እንስራ ጀርባው ላይ አድርጋ ገመዱን ደረቱ ላይ ቋጠረች። ለራሷ ከጓዳ ጥግ ሌላ አነሣች።

«እንስራ ላዝል? ስንቄ፣ እንዲህ ሆኜ ከምታይ ብረሸን አይሻለኝም?» አለ በሹክሹክታ።

«ወንድን እንስራ ሥር የሚፈልግ የለም። ጎንበስ በል!»

ደጁ ላይ አያ ወልደ ሰንበት ምንሽራቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ስንቄ አለፈች። ከኋላዋ ያለው እንስራ ሲንጋደድ ሰማች።

«ቆዪ፣ ቆዪ! ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

«ሙሽራ ናት አያ፤ ከማዶ ለእርዳታ የመጣች። ታፍራለች።»

«ሙሽራስ ትሁን፤ እንስራ ማዘል ግን ማንም አላስተማራትም!» አያ ወልደ ሰንበት ተነሡ። ምንሽራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው እንስራውን በሁለት እጃቸው አቅንተው፣ ገመዱን ጠበቅ አደረጉለት። «ቁመቷስ! ይቺን ባሏ በመሰላል ነው የሚስማት!»

ስንቄ ሳቀች። እንዴት እንደሳቀች ኋላ ራሷም ገርሟት ነበር።

ምንጩ ጋ ሲደርሱ ጉሙ ውስጥ ማንም አልነበረም። አለበል እንስራውን ሊያወርድ ሲል ያዘችው።

«አታውርድ። ሞጣ እስክትደርስ አታውርድ። ስማኝ፤ ገላውን ትልክልኛለህ።»

«እኔ እኮ ተራ ፖሊስ ነኝ፤ እስር ቤት የማዝ መሰለሽ?»

«ጓዴ ዋስህ ነው። እኔ እንዳይጠየቅ አድርጌያለሁ፤ ፋንታነሽን ግን በምን ዓይኔ አያታለሁ? ገላውን ላክልኝ። ከቢቸና በእግሬ እመጣለሁ ብለህ አልነበር? አልጠራሁህም። ይህን ብቻ ነው የምለምንህ።»

አለበል ትንሽ ጣቱን ዘረጋ። ቆለፈችው። ከዚያ ቀሚሱ እግሩ ላይ እየተጠላለፈ ጉሙ ውስጥ ገባ።

እስረኛው መጥፋቱ የታወቀው እኩለ ቀን ላይ፣ ምሳ የወሰደለት ሰው ጮኾ ሲወጣ ነው። ግራዝማች፣ ጓዴ፣ ሌሎችም ወደ ጓዳው ገቡ። ጓዴ ምሰሶውን አየ። ጠፍሩ በክርን ልክ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጦ፣ በሥርዓት ተሰቅሏል። እንዲህ አድርጋ የምትሰቅል አንዲት ሴት ብቻ ያውቃል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ግራዝማችም ጠፍሩን አዩት፤ ያዩት ግን ሌላ ነገር ነበር።

«ቢቆረጥ ኖሮ ሌባ ገባ እል ነበር። ይህ ተፈትቷል። ያሰረው እጅ ነው የፈታው።»

«ጠዋት ሳስረክብ ነበረ፤ አያ ወልደ ሰንበት በዓይናቸው አይተዋል» አለ ጓዴ።

«አይቻለሁ። በእኔ ደጅ ደግሞ ከሴት በቀር የወጣ የለም» አሉ አያ ወልደ ሰንበት ተቆጥተው።

አንዱ ይህን፣ ሌላው ያን ይል ጀመር። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ይጠራ አሉ። መንግሥትን አንቀበልም ብለው የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ በደለኛ የሚፈልጉበት ግን የመንግሥት ሹም ይጠራው ከነበረው ከዚህ ሸንጎ ሌላ መንገድ አያውቁም።

በበዓሉ ማግሥት የአጥቢያው ወንድ ሁሉ በእሾህ ወደ ታጠረ ሜዳ ገባ። በደለኛው እስኪታወቅ ከአጥሩ የሚወጣ የለም። ዝናብ ቢመጣ ዝናቡን፣ ውርጭ ቢመጣ ውርጩን ይቀበላል። በደንቡ ያየ ሰው «አየሁ» ብሎ አይናገርም፤ ለሦስት ሽማግሌዎች ተራ በተራ እየቀረበ «ወፍ ይህን ነገረችኝ» ይላል፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ሴቶች ግን አይገቡም። ከአጥሩ ውጭ ቆመው ቆሎና ዳቦ ያቀብላሉ።

ስንቄም ቆሎ ይዛ ሄደች። ጓዴ በእሾሁ ቀዳዳ እጁን አውጥቶ ተቀበላት። ዙሪያቸው ሰው ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጠፍሩን ማን ጠቀለለው?»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ከእናትሽ በቀር እንደዚያ የሚጠቀልል ሰው አላውቅም።»

«እናቴ ሞታለች።»

«አውቃለሁ። እንግዲህ አንቺም ዝም በይ።»

«ጓዴ...»

«ዝም በይ ብያለሁ። ደረሰ ወይ?»

«አላወቅሁም።»

ጓዴ ቆሎውን አፉ ውስጥ አደረገ። ማኘክ ግን አቃተው። ስንቄም ያን ጊዜ ነው ስሕተቷ የገባት፤ ጠፍሩን ብትቆርጠው ኖሮ።

የመጀመሪያው ቀን ወፍ አልተናገረችም። አንዳንዱ ሰው ሚዜነታቸውን አስቦ አፈረ፤ አንዳንዱ እውነትም አላየም። ማታ ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ አደረገው። በሁለተኛው ቀን ሳል ተጀመረ፣ ጠብ ተጀመረ፣ ያልታረሰው ማሳ ነገር ይነሣ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ከግራዝማች ጋር ጥቂት ተነጋገሩና ቆሙ። ወፍ ጓዴን ጠርታለች አሉ።

አጥሩ ውጭ ያሉት ሴቶች ወደ እሾሁ ተጠጉ።

«ጓዴ፣ ምን ትላለህ?» አሉ ግራዝማች።

ጓዴ ነጠላውን አጣፍቶ ቆመ። «ወፏ እውነቷን ነው።»

እሾሁ ሲሰበር ተሰማ። ስንቄ አጥሩን በእጇ ገፍታ፣ ክንዷ እየደማ ገባች።

«በሕግ አምላክ!»

ይህ ቃል ሲጠራ ሰው እግሩን አያንቀሳቅስም። ሜዳው ሁሉ ባለበት ቆመ። ግራዝማች ብቻ በትራቸውን አነሡ።

«ሴት አውጫጭኝ ውስጥ አትገባም።»

«አውቃለሁ፣ ግራዝማች። ብትገባ ኖሮ ትናንት ያልቅ ነበር። የፈታሁት እኔ ነኝ።»

«ስንቄ!» አለ ጓዴ።

«ባሏን ልታድን ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

«አያ ወልደ ሰንበት፣» አለች ስንቄ፣ «የሥላሴ ዋዜማ እንስራዋን ያቀኑላት ሙሽራ ትዝ ትልዎታለች?»

አያ ወልደ ሰንበት አፋቸው ተከፈተ። «ያቺ... ረጅሟ?»

«እሷ ናት።»

«በዚህ በእጄ? ገመዱን ሳይቀር አጥብቄ?»

ከጭቃው መሀል ቀልዱን ከሚስቱ የሰማ አንድ ሰው፣ «አያ፣ ባሏ በመሰላል ነው የሚስማት ያሉት ስለ ፖሊሱ ነው እንዴ?» አለ። ለሁለት ቀን ዝናብ የመታው ሕዝብ ሳቁ ፈነዳ። የሳለው እየሳለ ሳቀ። አያ ወልደ ሰንበት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ሳቁ! ሳቁ እንጂ!»

ፋንታነሽ ነበረች፤ አጥሩ ጋ ቆማለች። ሳቁ ተቆረጠ።

«የእኔ ባል ሞጣ ታስሮ፣ የሚለወጥበት ሰው እንስራ አዝሎ ሄደ። ስንቄ፣ አብረን ውሃ ስንወርድ፣ አብረን ስንወጣ ከርመን፣ ወንድምሽን በባሌ ገዛሽው!»

ለግራዝማች ስትመልስ ያልተንቀጠቀጠው የስንቄ ድምፅ አሁን ተንቀጠቀጠ። «እንዲልከው ነግሬዋለሁ፣ ፋንታ።»

«ማንን? ፖሊሱን?»

«ሚዜዬን።»

ግራዝማች አልሳቁም ነበር። ቀስ ብለው ወደ ስንቄ ተጠጉና ክንዷ ላይ ያለውን ደም አዩ።

«ዋስ ዋስ ነው። ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገላው እዚህ ከቆመ ነገሩ አለቀ። ካልቆመ ጓዴ በፖሊሱ ቦታ ይቆማል። አንቺን፣ ሴት ነሽና አልነካሽም።»

«ቢነኩኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። ወንዶቹ ከአጥሩ ወጡ። ጓዴን እዚያው ጓዳ ውስጥ፣ በዚያው ጠፍር፣ ከዚያው ምሰሶ ጋር አሰሩት።

ቅዳሜ ጠዋት ስንቄ ምንጩ ጋ ወረደች። ከዚያ የሞጣ መንገድ ይታያል። ፋንታነሽ ቀድማት ተቀምጣለች። አልተነጋገሩም። አንዷ በዚህ ድንጋይ፣ አንዷ በዚያ ድንጋይ ሆነው መንገዱን ያያሉ። ገበያተኛ ሄደ። ፀሐይ ጉሙን ገፋችው። ገበያተኛ ተመለሰ። ፋንታነሽ ታለቅስ ጀመር፤ ድምፅ የላትም፤ ስንቄ ግን የምትሰማት ይመስላት ነበር። መንገዱ ላይ ጥላው ሲረዝም ስንቄ ተነሣች። ቢያንስ ጓዴን ለመረሸን ሳያቆሙት ልታየው ፈለገች።

ያን ጊዜ ከጉብታው ወዲህ አንዲት ሴት ብቅ አለች። እንስራ አዝላለች። አረማመዷ የበሬ ነው። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ በየእርምጃዋ ታማርራለች። ስትቀርብ ስንቄ የእንስራውን አፍ አየች፤ የተሸረፈ ነው።

ፋንታነሽ ቀስ ብላ ቆመች። ሴትዮዋ ነጠላውን ዝቅ አደረገች፤ ከሥሩ ጥቁር ጢም ወጣ።

«ፋንታ፣ ቶሎ አውርጅልኝ፤ ወገቤ ተቆረጠ!»

እንስራውን ስታወርድለት ውሃው ፈሰሰባት። ሙሉ ነበር።

«ከሞጣ ድረስ ውሃ ተሸክመህ መጣህ? መንገድ ላይ አትደፋውም?»

«'ባዶ እንስራ ይዛ ከከተማ የምትወጣ ሴት ትጠረጠራለች' አለኝ! ከዚያ ወዲያ መድፋቱ መች ትዝ አለኝ!»

ፋንታነሽ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደረቱን መታችው። ስንቄ ግን ክንዱን ያዘች።

«አለበልስ?»

ገላው ፊቱ ተለወጠ። «የታሳሪ ሚስቶች ከሰዓት በኋላ ውሃ ያስገባሉ። በሩ ላይ ተረኛው እሱ ነበር። ልብሱን ያለበሰኝ፣ እንስራውን ያሳዘለኝ እሱ ነው። አብረን እንሂድ አልሁት። 'በሩ ባዶ ከሆነ ወዲያው ያሳድዱሃል' አለ። ዞር ብዬ ሳይ ቆሞ ነበር። ቆሞ ቀረ።»

ለሐዘኑ ጊዜ አልነበረም። ፀሐይዋ ጫፍ ላይ ነበረች። ሦስቱም እየሮጡ ወጡ፤ ገላው በቀሚሱ እየተጠላለፈ። ግራዝማች ሜዳው ላይ ቆመው ነበር። ገላውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ወደ ጓዳው ራሳቸው ገቡ። ጠፍሩን ሊቆርጡ ጩቤያቸውን ሲመዙ ስንቄ እጃቸውን ያዘች፤ ተንበርክካ በጥርሷ ፈታችው።

ጦርነቱ በዓመቱ በረደ። የታጎለው ግብር ተማረ፤ ገበሬዎችም ምሕረት ተደረገላቸው። አለበልን ግን ምሕረቱ አልነካውም፤ እሱ ፖሊስ ነበርና። ደብረ ማርቆስ መታሰሩን የሰሙት በስማ በለው ነው። በጥቅምት ስንቄና ጓዴ ወደ ቢቸና ሄዱ።

ካሰች በሩ ላይ አቆመቻቸው። ጓዴን እንደ ልጇ ያሳደገች ሴት ናት፤ ግቡ አላለቻቸውም።

«ልጄን ቀሚስ ያለበስሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሊረሽኑት ነበር አሉ።»

«አዎ።»

«ከዚያ ደግሞ ባልሽን ለማዳን አሳሰርሽው።»

ካሰች የተናገረችው ሁለቱም እውነት ነው። ስንቄ ጎንበስ አለችና የካሰችን እግር ሳመች። ካሰች እግሯን ልትነጥቅ ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን የስንቄን ሆድ አየች። ሙሉ ነበር።

«ተነሽ» አለች በቁጣ። «እንዲህ ሆነሽ ትጎነብሻለሽ? ጓዴ፣ አንተስ ምን ትገተራለህ? አስገባት።»

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ለአለበል ስንቅ የሚሄደው ከቢቸና ብቻ አልነበረም። ግራዝማች ገብረ ኪዳን እንኳ አንድ ጊዜ፣ ስሜን አትንገሩት ብለው፣ ማር ልከዋል።

አለበል የተፈታው በሚቀጥለው ክረምት ነው። ደንብ ልብሱን ተገፎ፣ ከበፊቱ ቀጥኖ፣ ጢም አውጥቶ፣ ከእናቱ ቤት አንድ ሳምንት ሰንብቶ በእግሩ ወደ ጨፌ ሚካኤል መጣ። ዜናው ቀድሞት ነበርና ልጆች በመንገዱ ላይ «ባለ እንስራው! ባለ እንስራው!» እያሉ ተከተሉት።

ስንቄ ምንጩ ጋ ነበረች። ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ እንስራዋ ሞልቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። አለበል ሕፃኑን አየና፣ «ይህም ዝምተኛ ነው?» አለ።

«እንደ አባቱ» አለች።

መንገዱ ላይ ወንዶች ቆመው ነበር። ጓዴ መጣ፤ አፉን በእጁ ሸፍኗል፤ መሳቁ ነው ወይስ ማልቀሱ አልታወቀም። አለበል ጎንበስ ብሎ የእንስራውን ገመድ አነሣ። ሴቶቹ «ኧረ ተው!» አሉ። ልጆቹ ጮኹ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ አፉ የተሸረፈውን እንስራ ጀርባው ላይ አደረገ። ሊነሣ ሲል ተንጋደደበት።

ከወንዶቹ መሀል አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ለሰው ሰጥተው ወጡ። አያ ወልደ ሰንበት ነበሩ። እንስራውን በሁለት እጃቸው አቅንተው፣ ገመዱን ደረቱ ላይ ጠበቅ አደረጉለት።

«ዛሬስ» አሉት፣ «እያወቅሁ ነው የማሸክምህ።»